መደርደሪያው ላይ ያለው ክፍት ቦታ



በዓመታዊ መጽሔታችን ከርዕሰ መምህር የሚጠበቀው ጽሑፍ የታወቀ ነው። የዓመቱን ውጤት መግለጽ፣ መምህራንን ማመስገን፣ ለተመራቂዎች መልካም ዕድል መመኘት ነው። ምስጋናውም ምኞቱም ከልቤ ነው፤ ውጤቱም በሌላ ገጽ ላይ ተዘርዝሯል። እኔ ግን ዘንድሮ የተሰጠኝን ቦታ ለአንድ አስተያየት ልጠቀምበት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪያችን አንድ የሚወደው ደራሲ ይኑረው፤ የዚያን ደራሲ ሥራዎችም አንድ በአንድ እያፈላለገ ይሰብስብ፣ ያንብብ። ለዚህም ሲባል በሳምንት አንድ ጊዜ ያለን የንባብ ክፍለ ጊዜ በሚመጣው ዓመት ፕሮግራም ውስጥ ይቆይ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ የንባብ ክፍለ ጊዜው ቀርቶ በምትኩ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወላጆች ለልጆቻቸው አስበው ነው። ውሳኔው ገና አልተሰጠም። ከመሰጠቱ በፊት ግን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ፤ የምከራከረው በእሱ ነውና።

ሐዲስ ዓለማየሁን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በጆሮዬ ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ እናቶች ቡናቸውን ከሰዓቱ ጋር እያስማሙ ያፈሉ ነበር። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ሲቆጣ እንፈራለን። ጉዱ ካሣን ሆኖ ሲናገር ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ እኛ ልጆቹም ለምን እንደተሳቀ ሳይገባን አብረን እንስቃለን። ሰብለ ወንጌል ላይ ሲደርስ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አሁንም ይታየኛል።

መጽሐፉን ራሱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ፣ ጎረምሳነት ሲጀምር ነው። ቀጥሎ መምህር ሆንኩ፤ በትምህርት ሙያ ዲግሪ ያዝኩ። ለፈተና ጥያቄ ሳወጣ «በዛብህ እንዳያገባ የከለከለው ምንድን ነው?»፣ «ጉዱ ካሣ ለፊታውራሪ መሸሻ ምናቸው ነው?» እያልኩ ዓመታት አለፉ። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ደራሲውን ግን አላውቃቸውም ነበር። አንዱን መጽሐፍ ማወቅን ሰውየውን እንደማወቅ ቆጥሬው ኖሬያለሁ።

ይህን ያሳየችኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ዶራሌ፣ የአማርኛ መምህራችን ታመው ስለቀሩ ተክቼ ገባሁ። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሙሉ ልብ ካስረዳሁ በኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እሳቸው ሌላ ምን ጻፉ?» አለችኝ። «ወንጀለኛው ዳኛ» አልኳት። «እሱስ ስለ ምንድን ነው?» አለች። «ስለ አንድ ዳኛ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቢሮዬ ገብቼ ስቀመጥ ግን አፈርኩ። ልጆቹን አንብቡ እያልኩ የምወተውት ሰው፣ እወዳቸዋለሁ ከምለው ደራሲ ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ስሄድ ዝርዝር ይዤ ሄድኩ። ዝርዝሩን ለተማሪዎቻችን እዚህ ላስፍረው። «ተረት ተረት የመሠረት» እና «ትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» በ1948 ዓ.ም.፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958፣ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» በ1966፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም.። ሰባት መጻሕፍት ናቸው። ሰባት መጽሐፍ ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ነበር። ዓመታት ፈጀ።

የመጀመሪያው ቀን ራሱ በስህተት ተጀመረ። ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ወጣት አገኘሁና «የሐዲስ መጽሐፍ አለህ?» አልኩት። «አለ!» ብሎ ከክምሩ ሥር አንድ መጽሐፍ መዘዘልኝ። ሽፋኑ ወልቆ በካላንደር ወረቀት ተለብጧል፤ ላዩ ላይ በስክሪብቶ «ሐዲስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዋጋውን ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ከፍቼ ሳነብ ሐዲስ የተባለው ደራሲው ሳይሆን መጽሐፉ ነው። የበዓሉ ግርማ ልብወለድ «ሐዲስ» ኖሯል። ሻጩ ልጅ አላታለለኝም፤ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። ይህ ስህተት በኋላ ምን እንዳተረፈልኝ እመለስበታለሁ።

«ትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም»ን ግን የትም ባዝን አጣሁት። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጋ እንዳለ ሰማሁና ቤታቸው ሄድኩ። አልሸጥም አሉኝ። «ካነበብከው በኋላ መልሰው» ብለው በውሰት ሰጡኝ። ዶራሌ ይዤው መጣሁ፤ በሚቀጥለው ክረምት መልሼ ወሰድኩላቸው። ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «የተዋሰውን የሚመልስ ሰው ይያዘው» አሉኝ።

«ትዝታ» የመጣልኝ ደግሞ በከባድ መኪና ነው። የተማሪያችን አባት የሆኑ ሹፌር ስፈልግ እንደነበር ሰምተው፣ አዲስ አበባ ጭነት ሲጠብቁ መጽሐፉን ፈልገው ገዙት። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገው ፒኬ 12 ሲደርሱ ደወሉልኝ። «ዳይሬክተር፣ ጭነትዎ ደርሷል፤ መጥተው ይረከቡ» አሉኝ። መጽሐፉ ጋቢና ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከመቀመጫው ኋላ ካለው አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። በዶራሌ ወደብ በቀን የሚወርደውን ኮንቴይነር ማን ይቆጥረዋል? እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ጭነት መካከል የደስታ ርክክብ የፈረምኩት በዚያች ቀን ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መጻሕፍቱ ተሰብስበው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ አንዱ ብቻውን ሳለ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። ጣልያን አገራችንን ሲወር ዘመቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ተወሰዱና ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ከተመለሱ በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። እንግዲህ አስሉት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ዕድሜያቸው 56 ነበር። «ትዝታ» ሲወጣ 83። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። እኔ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። «ከእንግዲህማ ምን እጀምራለሁ» የምትል ሐሳብ ማታ ማታ ትጎበኘኝ ነበር። መጻሕፍቱ ላይ ያሉትን ዓመተ ምሕረቶች በተራ ካነበብኩ ወዲህ ያቺ ሐሳብ ብዙም አትመጣም። እንደ እኔ ያላችሁ ወላጆችም ብትሞክሩት ትጠቀማላችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ነው። እውነተኛ ነጥብ ማለቴ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። ልጅ ሆኜ ሳነብ የማተሚያ ቤት ቆሻሻ መስሎኝ ነበር! የነጥቡ ጥቅም የገባኝ እዚህ ጅቡቲ ከመጣሁ በኋላ ነው። ልጆቻችን ከቤት ሲወጡ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና አረብኛ ይሰማሉ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ገና አልመጣም» የሚለውን የበዓሉን ገና አድርጎ የሚያነብ ተማሪ አለን። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ይሁን ግራ የሚገባው ብዙ ነው። አገር ቤት ያደገ ልጅ ይህን ከእናቱ አፍ ያገኘዋል። የእኛ ልጅ ግን ያቺ ነጥብ ታስፈልገዋለች። ልማዱ በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ አልተስፋፋም። ነገር ግን አንድ ደራሲ፣ አንባቢዬ ሊሰናከል ይችላል ብሎ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በነጥብ ያህል ትንሽ ነገር ሲጨነቅ ማየት ለአንድ የትምህርት ባለሙያ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በሥራዬ ዘመን ስለ ትምህርት ብዙ የውጭ መጻሕፍት አንብቤ ፈተና ተፈትኜባቸዋለሁ። እኔ ሳልወለድ በ1948 ዓ.ም. ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም መጽሐፍ በአማርኛ የጻፉ ሰው፣ ያው በሬዲዮ ያስለቀሱን ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስመለስ መጽሐፉ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው? ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ያ ሁሉ ፍቅር የሚጀምረው አንድ የቤተ ክህነት ተማሪና አንዲት የባላባት ልጅ ለትምህርት ሲቀመጡ ነው። የዘር ግድግዳ መሰንጠቅ የሚጀምረው በተማሪ ቤት ነው። ይህ ነገር ድሮም መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት የደራሲውን ሌላ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሌላው መብራት ይሆናል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዚያ ስህተት ልመለስ፤ በካላንደር ወረቀት ወደ ተለበጠው «ሐዲስ»።

ገዝቼዋለሁና አነበብኩት። ታሪኩ ሐዲስ ሳህሌ የተባለ ወጣት መምህር ኢሉባቦር ሄዶ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚያደርገው ትግል ነው። ለእኔ ለመምህሩ የተጻፈ መሰለኝ። ስጠይቅ ግን ይህ ታሪክ ቀድሞም ነበር። በዓሉ ግርማ በ1966 ዓ.ም. «የሕሊና ደወል» ብሎ ያሳተመውን ልብወለድ እንደገና ሠርቶ ነው በ1975 «ሐዲስ» ብሎ ያወጣው። በዓሉ በዚያን ጊዜ ስሙ የታወቀ ደራሲ ነበር፤ «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን፣ «ደራሲው»ን ጽፏል። አንዴ የታተመ መጽሐፉን ገልብጦ ለመሥራት ግን አላፈረም። «ድርሰትህን አስተካክለህ ጻፍ» ስንላችሁ ፊታችሁ የሚጠቁረው ተማሪዎች ይህን አስታውሱ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያልያዘ ሰው ይህን ሥራ ሊያየው አይችልም።

በዚያው በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ስድስተኛ ልብወለድ «ኦሮማይ» ወጣ። በኤርትራ ስለ ተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚናገር ነበር። ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉስ? ሳይሰበሰብ በሰው እጅ የቀረው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ። ዘመኑ ሲለወጥ እንደገና ታተመ፤ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል። ያኔ አንድ ቅጂ ከፍራሽ ሥር የደበቀው ሰው ምሁር ላይሆን ይችላል። ያደረገው ግን የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። መሰብሰብ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው።

እንግዲህ በስብሰባው ላይና ከስብሰባው በኋላ የሰማኋቸውን ተቃውሞዎች በቅንነት ልመልስ።

«እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው እንጀራ የሚያበላቸው» ያላችሁ ወላጆች ልክ ናችሁ። ወደቡም፣ የጭነት ድርጅቱም፣ ባቡሩም የሚቀጥረው ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ የምለው ግን አንድ ደራሲን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የለመደ ልጅ ልማዱን ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞት ይሄዳል ነው። ምንባብ ተሰጥቶት አምስት ጥያቄ መልሶ የሚዘጋ ልጅ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንባቢ አይሆንም። ማጠናከሪያው ይሰጥ፤ አልቃወምም። ግን ከሌላ ሰዓት ይወሰድ።

«ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ መሰብሰብ ምን ያደርጋል?» ያለኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሌላ መንገድ ሲጠፋ እኔም በስልክ አነባለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን በስልክ የሚዞረውን ቅጂ እየው፤ ገጽ ይዘላል፣ ጠርዙ ተቆርጧል፣ ማን እንዳሳተመውና መቼ እንደታተመ የሚናገረው ገጽ የለም። ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም ቤተሰቡ ካለ ደግሞ ከዚያ ቅጂ ሳንቲም አያገኝም። መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ትምህርት ነው። ዝርዝር ታዘጋጃለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ትሳሳታለህ፣ ሰው ታውቃለህ። ስልኩ ላይ «ሐዲስ» ብዬ ብፈልግ ኖሮ የሚፈልገኝን ብቻ አግኝቼ እዘጋ ነበር፤ በዓሉን አላገኝም ነበር።

ከባልደረቦቼ አንዱ ደግሞ ጥሩ ተከራክሮኛል። «አንድ ደራሲ ላይ ተጣብቆ መቅረት ልጁን ያጠበዋል፤ ከብዙ ይቅመስ» አለኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ እውነቱን ነው፤ ይቅመሱ። ከብዙ ቀምሶ በአንዱም ሳይጠግብ ትምህርት የሚጨርስ ልጅ ግን ብዙ አለን። ደግሞም ምርጫው የልጁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የእኔ ናቸው፤ የእናንተ እንዲሆኑ አላዝዝም። ሴት ደራሲ የምትመርጥ ትምረጥ፤ የግጥም ሰው የሚመርጥ ይምረጥ።

ቤታቸው አማርኛ የማይነገር ተማሪዎችም እንዳሉን አልረሳሁም። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛ የቤታቸው ቋንቋ የሆነ ልጆች በዚያው ቋንቋ ወይም በፈረንሳይኛ ደራሲ ቢመርጡ ሥራው ያው ነው። የሚኖሩበት አገርም ደራሲ አለው። የጅቡቲው አብዱራህማን ዋበሪ በ1965 እ.ኤ.አ. እዚሁ ከተማ የተወለደ ነው፤ በፈረንሳይኛ ይጽፋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብወለድ ርዕስ «ባልባላ» ነው። አዎ፣ ጎረቤታችን ባልባላ! በየቀኑ የምናልፍበት ሰፈር የመጽሐፍ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከኮሚኒቲያችን ልጆች አንዱ የዋበሪን መጻሕፍት ሰብስቦ በአማርኛ ቢያስተዋውቀን ደስታዬ ወሰን የለውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የአየሩ ነው፤ እሱ ከሁሉም ይከብዳል። ዶራሌ ለመጽሐፍ አይመችም። ሙቀቱ ሙጫውን ያደርቀዋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል፤ የበጋው ነፋስ አሸዋውን በበር ሥር ያስገባል። ካመጣኋቸው መጻሕፍት መካከል «ወንጀለኛው ዳኛ» በራሴ ጥፋት ተበላሽቶብኛል። አቧራ እንዳይነካው ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አጥብቄ አስሬ ሄድኩ። ከክረምት ዕረፍት ስመለስ ሻግቶ ገጾቹ ተጣብቀው አገኘሁት። መታፈን እንጂ አቧራ አልነበረም ጠላቱ። ሌላ ቅጂ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ስለዚህ ተማሪዎች፣ መጽሐፍ አይታፈን። ከግድግዳው ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቁም፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ በሳምንት አንዴ ይገለጥ። የሚነበብ መጽሐፍ አይሻግትም።

እንግዲህ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የንባብ ክፍለ ጊዜው ይቆይ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደራሲ ይምረጥ፤ የሥራዎቹን ዝርዝር ከነ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ያዘጋጅ። ሁሉንም መግዛት ግዴታ አይደለም። ተውሶ ያነበበው፣ በቤተ መጻሕፍታችን ያገኘውም ይቆጠራል። ያላገኘውንም «አላገኘሁም» ብሎ ይመዝግብ። ማንም ወላጅ በዚህ ምክንያት ከአቅሙ በላይ ወጪ እንዲያወጣ አልፈልግም።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ እንደተገኘ ይጻፍ። የእኔ «ትዝታ» ውስጥ «ፒኬ 12፣ ከተማሪያችን አባት» የሚል አለ። ከዓመታት በኋላ ያቺ ወረቀት ከመጽሐፉ እኩል ትወደዳለች።

አራተኛ፣ ኮሚቴው ለቤተ መጻሕፍታችን አንድ ተጨማሪ መደርደሪያ ይፍቀድልን። ከፈቀደ የእኔን ስብስብ በሙሉ እዚያ አኖራለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ለማን ይጠቅማል? ከመዋሻ መዝገብ ጋር ይሆናል፤ ለመምህራንም ለወላጆችም ክፍት ነው። አንዳንዱ ላይመለስ ይችላል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ያንን መጽሐፍ ያገኘሁት የሚመልስ ሰው ይኖራል ብለው ከተማመኑ ሽማግሌ ነው።

ስብስቤ ገና አልሞላም። የ1966ቱ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» ይቀረኛል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እና በአዲሱ «ወንጀለኛው ዳኛ» መካከል ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ጽዳት የሚሠሩት እናታችን መጻሕፍቱን አቧራ ጠርገው ሲመልሱ ቦታውን ለመሸፈን ያጠጋጓቸዋል፤ እኔ ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ያቺ «ሌላ ምን ጻፉ?» ያለችኝ ልጅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር ቢሮዬ መጥታ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ቲቸር፣ ይቺ ቦታ የማን ናት?» አለችኝ። ነገርኳት። ርዕሱን ደብተሯ ላይ ጻፈች። በዚህ ክረምት አያቷን ለመጠየቅ ከናጋድ በባቡር ድሬዳዋ ትሄዳለች፤ እዚያ እንደምትፈልግልኝ ቃል ገብታለች። ከእሷ ቀድሞ የሚያገኝ ወላጅ ወይም ሹፌር ካለ ይደውልልኝ፤ መጥቼ እረከባለሁ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ርዕሰ መምህር